አንድ ወላጅ፣ ብዙ ልጅ፦ የመረጃ ዛፍ በሶፍትዌር ውስጥ

የጤና መረጃ ባለሙያ ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለውን ሶፍትዌር ሲከፍት በገጹ ግራ በኩል የአንድ አገር አደረጃጀት ተጠቅልሎ ይጠብቀዋል። መጀመሪያ የሚታየው አንድ ስም ብቻ ነው፤ ኢትዮጵያ። ከስሙ ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ሲነካ ክልሎቹ ገባ ብለው ከሥሩ ይዘረዘራሉ። አንዱን ክልል ሲከፍት ዞኖቹ፣ ከዞኑ ወረዳዎቹ፣ ከወረዳው ጤና ጣቢያዎቹ፣ ከጤና ጣቢያው ጤና ኬላዎቹ እየወጡ ይሰለፋሉ። አምስት ስድስት ጊዜ በመንካት ከአገር ተነስቶ አንዲት የገጠር ጤና ኬላ ዘንድ ይደርሳል። ሶፍትዌሩ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚሠራና በነፃ የሚገኝ ነው። ጅማሬው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሲሆን ዛሬ የኢትዮጵያን ጤና ሚኒስቴር ጨምሮ በብዙ አገሮች የጤና ሪፖርት ይሰበሰብበታል። የዚህ ጽሑፍ ባለጉዳይ ግን ያቺ በግራ በኩል ያለችው ዝርዝር ናት።

በሙያው ቋንቋ እንዲህ ያለው አደረጃጀት ዛፍ ይባላል። ሲሳል ሥሩ ከላይ፣ ቅጠሉ ከታች ነው። ከሥሩ ልጆች፣ ከልጆቹ የልጅ ልጆች ይወርዳሉ። ባለሙያዎች ኖድ የሚሉት እያንዳንዱ አንጓ የፈለገውን ያህል ልጅ ሊኖረው ይችላል፤ ልጅ የሌለው ቅጠል ይባላል። ወላጁ ግን አንድ ብቻ ነው። ወላጅ የሌለው ሥሩ ብቻ ሲሆን፣ ማንም አንጓ ዞሮ ዞሮ ከራሱ ዘር ሥር ሊገባ አይችልም። ሕጉ በቃ ይኸው ነው። በዚህች አጭር ሕግ ግን በኮምፒውተር ውስጥ ያሉ ፋይሎች፣ የድረ ገጽ ክፍሎች፣ የመሥሪያ ቤት መዋቅር፣ የሂሳብ መደብ፣ የመጽሐፍ ምዕራፍና ንዑስ ምዕራፍ ሁሉ ይተዳደራሉ። የማምነውን ከወዲሁ ልናገር፦ የዛፍ ጉልበቱም ድካሙም «ወላጅ አንድ ብቻ» በምትለው ሕግ ላይ ነው ያለው። በመሥሪያ ቤቶቻችን ያየኋቸው የመረጃ ችግሮች ብዙዎቹ የሚመነጩት ይህችን ሕግ ሳያስቡባት ከመቀበል ነው።

የሕጉ የመጀመሪያ ፍሬ አድራሻ ነው። ወላጅ አንድ ብቻ ከሆነ ከማንኛውም ቅጠል ወደ ሥሩ የሚወስደው መንገድም አንድ ብቻ ይሆናል፤ መንገዱ ራሱ የማያሻማ መጠሪያ ሆኖ ያገለግላል። በኮምፒውተር ላይ ያለ ፋይል ሙሉ ስሙ ከሥሩ ተነስቶ በየፎልደሩ እያለፈ የሚወርድ መንገድ ነው። «ደብዳቤ» የሚባሉ መቶ ፋይሎች በመቶ ፎልደሮች ውስጥ ሳይጋጩ የሚኖሩት በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ ሰው ስንጠራ የምንሄደው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ መጀመሪያ የራስ ስም፣ ቀጥሎ የአባት፣ ከዚያ የአያት። አንዱ አበበ ከሌላው አበበ ሲምታታ አባቱን እንጨምራለን፤ ያም ካልበቃ አያቱን። የኢንተርኔት አድራሻም እንደኛ ስም ከታች ወደ ላይ ይጻፋል። ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 እ.ኤ.አ. በነደፈው የዶሜይን ስም ሥርዓት የአገር መለያው፣ ለኢትዮጵያ «ኢቲ» የሚለው፣ የሚመጣው በስሙ መጨረሻ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ፍለጋውን የሚጀምረው ከዚያ ጫፍ ነው። የሥሩን ሰርቨር «ኢቲን የሚያውቅ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የተጠቆመውን ሰርቨር ደግሞ ከኢቲ ሥር ስላለው ስም ይጠይቃል፤ እንዲህ እያለ ይወርዳል። የዓለምን ስሞች ሁሉ የያዘ አንድ መዝገብ የትም የለም። እያንዳንዱ አንጓ ልጆቹን ብቻ ያውቃል፤ ሥራው ግን ይሠራል።

ሁለተኛው ፍሬ ድምር ነው፤ ለእኔ ትልቁም እሱ ነው። በጤና ኬላዋ የተመዘገበው የወባ ሕሙማን ቁጥር ወደ ጤና ጣቢያው ይወጣል። በአገራችን የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት አንድ ጤና ጣቢያ በተለምዶ አምስት ጤና ኬላዎችን ይይዛል፤ የአምስቱ ቁጥር ከጤና ጣቢያው ቁጥር ጋር ተደምሮ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ይወጣል። እያንዳንዱ ሕመምተኛ በየደረጃው አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጠራል። ይህን ያረጋገጠልን የሂሳብ ሠራተኛው ጥንቃቄ ብቻ እንዳይመስለን፤ ጤና ኬላዋ አንድ ወላጅ ብቻ ስላላት ነው። አንድ ወረዳ በሁለት ዞኖች ሥር ተመዝግቦ ቢገኝ የሕዝቡ ቁጥር በክልሉ ድምር ላይ ሁለቴ ይገባል፤ ክትባትም በጀትም በዚያ በተዛባ ቁጥር ይታቀዳል።

ይህ አደረጃጀት ከኮምፒውተር ጋር አብሮ የተወለደ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ እንዲያ አይደለም። በ1965 እ.ኤ.አ. ሮበርት ዴሊና ፒተር ኖይማን መልቲክስ ለተባለው ሥርዓት፣ ማለትም ኤምአይቲ፣ ቤል ላብስና ጄኔራል ኤሌክትሪክ በጋራ ለሚሠሩት፣ ፎልደር በፎልደር ውስጥ እየገባ እስከፈለገው ጥልቀት የሚወርድበትን የፋይል አደረጃጀት በጽሑፍ አቀረቡ። ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ከ1969 ጀምሮ በቤል ላብስ የሠሩት ዩኒክስ ሐሳቡን ወረሰ፤ ከዩኒክስ ወደ ሌሎቹ ተዛመተ። የግል ኮምፒውተሮች ግን ለተወሰነ ጊዜ ያለ ዛፍ ኖረዋል። በ1981 የወጣው የመጀመሪያው ኤምኤስ ዶስ ፎልደር በፎልደር ውስጥ አያውቅም ነበር። አንዲት ፍሎፒ የምትይዘው ፋይል ጥቂት ስለሆነ በአንድ ዝርዝር ይታያል። በ1983 አይቢኤም 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ያለው ኮምፒውተር ሲያወጣ ዶስም በሁለተኛው እትሙ ዛፍ ይዞ መጣ። በ1984 የወጣው ማኪንቶሽ ደግሞ በስክሪኑ ላይ ፎልደር ቢያሳይም ዲስኩ ውስጥ ፋይሎቹ ሁሉ በአንድ ረድፍ ነበሩ፤ እውነተኛው ዛፍ የመጣለት በ1985 ነው። ዛፉን በሁለቱም ላይ ግድ ያደረገው የዲስኩ መስፋት ነው። ሰው አምሳ ነገር በአንድ ዝርዝር ሊፈልግ ይችላል፤ አምስት ሺህ ግን አይችልም።

በትላልቅ መሥሪያ ቤቶች በኩል ታሪኩ የተጀመረው ከጨረቃ ጉዞ ጋር ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የአፖሎን መንኮራኩር የሚሠራው፣ በኋላ ሮክዌል የተባለው ኩባንያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የዕቃ ክፍሎችን መቆጣጠር ነበረበት። ይህ ብሎን የየትኛው ፓምፕ ነው፣ ፓምፑ የየትኛው ሞተር፣ ሞተሩስ የየትኛው ክፍል? አይቢኤም ከሮክዌልና ከካተርፒላር ጋር ሆኖ አይኤምኤስ የተባለውን የመረጃ ቋት ሠራ። ነሐሴ 14 ቀን 1968 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ፣ ዳውኒ በሚገኘው የሮክዌል ክፍል «ዝግጁ» የሚለው መልእክት ለመጀመሪያ ጊዜ በተርሚናል ላይ ታየ። አይኤምኤስ መረጃውን ሁሉ በዛፍ የሚይዝ ነው፤ ከወላጅ ወደ ልጅ እየወረደ ያነባል፤ በዚያ አቅጣጫ ሲሄድ ፍጥነቱ እጅግ ከፍተኛ ነው። ትላልቅ ባንኮች እስከ ዛሬ አልተዉትም።

የዛፍን ድካም በግልጽ ያሳየው የዚያው የአይቢኤም ሰው ኤድጋር ኮድ ነው። በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ቀላል ምሳሌ አነሳ፦ የዕቃ ክፍሎችና ፕሮጀክቶች አሉ እንበል፤ አንድ ክፍል ለብዙ ፕሮጀክት ይውላል፣ አንድ ፕሮጀክትም ብዙ ክፍል ይጠቀማል። ይህን በዛፍ ለመያዝ ክፍሎቹን ከፕሮጀክቶቹ ሥር እናድርግ ወይስ ፕሮጀክቶቹን ከክፍሎቹ ሥር? ኮድ አምስት የተለያዩ አደረጃጀቶችን ዘረዘረ። ለአንደኛው የተጻፈ ፕሮግራም አደረጃጀቱ ሲለወጥ እንደማይሠራ፣ ለሁሉም እንዲሠራ ከተፈለገም ፕሮግራመሩ የሁሉንም ዓይነት መንገድ አስቀድሞ ማሰብ እንዳለበት አሳየ። የእሱ መፍትሔ ሰንጠረዥ ነው። መረጃው በረድፍና በዓምድ ይቀመጥ፤ ግንኙነቱ በጥያቄው ጊዜ ይገለጽ። ዛሬ የምንጠቀምባቸው አብዛኞቹ ዳታቤዞች የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ ግን አዲስ ጣጣ ይመጣል። ሰንጠረዥ ጠፍጣፋ ነው፤ ዓለም ላይ ያለው ዛፍ ግን ሰንጠረዥ ስለተፈለሰፈ አልጠፋም። ወረዳው አሁንም በዞን ሥር ነው። ታዲያ ዛፉን በሰንጠረዥ እንዴት እናስቀምጠው?

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ዓምድ መስጠት ነው፦ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ። በኤክሴል የለመደ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ኢትዮጵያን ለሚያውቅ ሰው ግን ይህ ገና ከጅምሩ የተበላሸ አሠራር ነው። የሐረሪ ክልል ዞን የለውም። ልዩ ወረዳዎች በዞን ሳያልፉ በቀጥታ ለክልል ተጠሪ ናቸው። አዲስ አበባ ክፍለ ከተማ እንጂ ዞን አያውቅም። የዞን ዓምዱ በእነዚህ ቦታዎች ላይ ባዶ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ፣ ይህ የባሰ ነው፣ ባዶው እንዳይታይ የክልሉ ስም ተደግሞ ይሞላበታል።

የተሻለው መንገድ ደረጃውን ትቶ ዝምድናውን መያዝ ነው። እያንዳንዱ ረድፍ የራሱን መለያ፣ ስሙንና የወላጁን መለያ ይይዛል። ሦስት ዓምድ ይበቃል፤ ጥልቀቱ የፈለገውን ያህል ሊሆን ይችላል። አንድ ዞን ክልል ሲቀይር አንድ ረድፍ ላይ አንድ ቁጥር ይለወጣል፤ ከሥሩ ያሉት ወረዳዎችና ቀበሌዎች ሳይነኩ አብረውት ይሄዳሉ። እንደ እኔ እንደ እኔ ለአብዛኛው ሥራ ከዚህ የሚሻል የለም። ችግሩ ጥያቄው ላይ ነው። «በዚህ ክልል ሥር ያሉትን ጤና ኬላዎች በሙሉ አምጣ» ሲባል ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ልጆቹን፣ ከዚያ የልጆቹን ልጆች እያለ ራሱን ደጋግሞ መጠየቅ አለበት። የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋው የኤስኪውኤል ደንብ እንዲህ ላለው ራሱን መልሶ የሚጠራ ጥያቄ ቦታ የሰጠው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዳታቤዞቹ ፖስትግሬስኪውኤል በ2009፣ ማይኤስኪውኤል ደግሞ እስከ ስምንተኛው እትሙ ቆይቶ በ2018 ተቀበለው። በዚያ መካከል ፕሮግራመሮች ሌሎች ዘዴዎችን ሲፈልጉ ቆይተዋል።

አንደኛው ዘዴ በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ከሥሩ ጀምሮ ያለውን ሙሉ መንገድ መጻፍ ነው። የወረዳው ረድፍ የአገሩን፣ የክልሉንና የዞኑን መለያ በተርታ ይይዛል። የአንድን ክልል ዘር በሙሉ ለማግኘት መንገዳቸው በዚያ ክልል የሚጀምረውን ረድፎች መምረጥ ይበቃል፤ በጣም ፈጣን ነው። ዞኑ ሲንቀሳቀስ ግን ከሥሩ ያለው ሁሉ መንገዱ እንደገና ይጻፋል። ዲኤችአይኤስ 2 ሁለቱንም ጎን ለጎን ይዟል፤ የወላጁንም መለያ፣ ሙሉ መንገዱንም። ሌላው ዘዴ ጆ ሴልኮ በመጻሕፍቱ ያስተዋወቀው ነው። ዛፉን ከሥሩ ጀምረን ዙሪያውን እንሄዳለን፤ ወደ እያንዳንዱ አንጓ ስንገባ አንድ ቁጥር፣ ስንወጣ ሌላ ቁጥር እንሰጠዋለን። የዘሮቹ ቁጥሮች ሁሉ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ይወድቃሉ። መግቢያው 4፣ መውጫው 11 የሆነ አንጓ ከመካከሉ ስድስት ቁጥር አለ፤ ለሁለት ሲካፈል ሦስት ዘር አለው ማለት ነው፤ ማንንም መቁጠር አያስፈልግም። ውበቱ ይማርካል። ነገር ግን አንድ አዲስ ቅጠል ሲጨመር ከእሱ በኋላ ያሉት ቁጥሮች በሙሉ መገፋት አለባቸው። ስለዚህ ብዙ ለሚነበብና ብዙም ለማይለወጥ ነገር እንጂ ለሌላው አይመከርም። ሌላም መንገድ አለ፤ የአያትና የልጅ ልጅ ዝምድናን ሁሉ ጥንድ ጥንዱን ለብቻው ሰንጠረዥ ላይ መጻፍ። ቦታ ይበላል፣ መልስ ግን ቶሎ ይሰጣል።

በማናቸውም ዘዴ አንድ ጥበቃ መቅረት የለበትም። አንጓ ሲንቀሳቀስ አዲሱ ወላጁ ከራሱ ዘር አንዱ አለመሆኑ ይፈተሽ። ዊንዶውስ ላይ አንድን ፎልደር ወደ ገዛ ንዑስ ፎልደሩ ውስጥ ልንከት ስንል የሚከለክለን ለዚህ ነው። ቢፈቅድ ያ ቅርንጫፍ ከሥሩ ተቆርጦ ራሱን በራሱ የያዘ ቀለበት ይሆናል፤ ከሥር ተነስቶ የሚፈልገው ፕሮግራም አያገኘውም፤ ከቅጠሉ ወደ ላይ የሚወጣው ደግሞ መጨረሻ የሌለው ዙር ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልመለስ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የአገራችን አደረጃጀት ያለፈበት ለውጥ ለመረጃ ዛፍ ከባድ ፈተና ነበር። ሲዳማ በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሥር ያለ ዞን ሳለ በ2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ሆነ። በዛፍ ቋንቋ ከሦስተኛው ደረጃ ወደ ሁለተኛው ወጣ ማለት ነው። በኅዳር 2014 ከፋን ጨምሮ በምዕራብ በኩል ያሉት ዞኖች የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልን መሠረቱ። በ2015 ማብቂያ የቀረው ክልል ለሁለት ተከፍሎ ወላይታና ጋሞ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ሀዲያና ጉራጌ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ገቡ። ክልሎቹ 12 ሆኑ፤ ሁለቱ የከተማ አስተዳደሮች ባሉበት ቀሩ። አዲስ አበባም ከቦሌና ከየካ በተወሰደ አካባቢ ለሚ ኩራ የተባለ 11ኛ ክፍለ ከተማ አገኘች። በዚህ ሁሉ ወቅት ጤና ጣቢያዎቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ትምህርት ቤቱ ያው ትምህርት ቤት ነው። የተለወጠው ወላጁ ብቻ ነው።

ይህን ለውጥ ያለ ጉዳት የሚያልፈው ማንነትን ከቦታ የለየ ሶፍትዌር ነው። የአንድ ጤና ጣቢያ መለያ ቁጥር ከክልሉ ኮድ፣ ከዞኑ ኮድና ከወረዳው ኮድ ተቀጣጥሎ የተሠራ ከሆነ፣ ክልሉ ሲለወጥ ጤና ጣቢያው አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል። በአሮጌው ቁጥር የተመዘገቡት ዓመታት ከአዲሱ ጋር አይገናኙም፤ አንዱ ጤና ጣቢያ በመዝገብ ላይ ሁለት ይሆናል፣ አንዱ የተዘጋ፣ አንዱ ገና የተከፈተ። ዲኤችአይኤስ 2 ለእያንዳንዱ አንጓ የሚሰጠው 11 ፊደልና አሃዝ ያሉት መለያ ስለ አካባቢው ምንም አይናገርም። ምንም ስለማይናገር ምንም ቢለወጥ አይዋሽም። ብዙ ሰዎች «ከቁጥሩ ላይ ወረዳውን ማንበብ አለብኝ» ይላሉ፤ ምኞቱ ይገባኛል። ግን ወረዳው ለብቻው በጎን ይጻፍ፤ መለያው ውስጥ አይጨመር።

ማንነት ከተለየ በኋላም የጊዜ ጉዳይ ይቀራል። የሀዲያ ዞን የ2010 ዓ.ም. ሪፖርት የማን ነው? የዛሬውን ወላጅ ብቻ የሚያውቅ ሶፍትዌር ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሥር ይደምረዋል፤ ያን ጊዜ ክልሉ አልነበረም። በያኔውም በዛሬውም ዛፍ መጠየቅ ትክክል ነው። ያኔ ለፌዴራል የቀረበውን ሪፖርት ማመሳከር የሚፈልግ ኦዲተር የያኔውን ዛፍ ይፈልጋል። የአዲሱን ክልል የአሥር ዓመት አዝማሚያ ማየት የሚፈልግ እቅድ አውጪ ደግሞ የዛሬውን ዛፍ ወደ ኋላ መዘርጋት ይፈልጋል። መፍትሔው ወላጅነትን ከነቀኑ መመዝገብ ነው፤ ይህ ዞን ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በዚህ ክልል ሥር ነበር ብሎ። ያኔ «ወላጅ አንድ ብቻ» የሚለው ሕግ «በአንድ ጊዜ ወላጅ አንድ ብቻ» ይሆናል፤ የቀድሞው ክልልም ዛሬ ልጅ ባይኖረውም ከመዝገብ አይሰረዝም።

ስለ ማሳየትም ጥቂት ልበል። ገባ ገባ እያለ የሚወርደው፣ ተከፍቶ የሚዘጋው ዝርዝር በሰፊው ሕዝብ ዘንድ የታወቀው በተለይ ከዊንዶውስ 95 ወዲህ ነው። ጥሩነቱ ሰው የሚፈልገውን ብቻ ከፍቶ የቀረውን መተው መቻሉ ነው። በደንብ የተሠራ ዝርዝር ልጆቹን የሚጭነው አንጓው ሲከፈት እንጂ አስቀድሞ አይደለም። ከአንድ ሺህ በላይ ወረዳ ያላትን አገር ሙሉ ዛፍ በደካማ ኢንተርኔት በአንድ ጊዜ ለማውረድ መሞከር የወረዳውን ባለሙያ ደጅ ማስጠናት ነው። በኪቦርድ ቀስት መከፈትና መዘጋትም አለበት፤ ማየት የተሳናቸው ሰዎች ዛፉን የሚሄዱበት በዚያ ነውና። ፍለጋው የተገኘውን ስም ብቻውን ሳይሆን ከነወላጆቹ ያሳይ፤ «ወረዳ 03» ብቻ ብሎ መመለስ ለአዲስ አበባ ሰው መልስ አይሆንም። በአማርኛ ደግሞ ተጨማሪ ሥራ አለ። ፀለምት ብሎ የፈለገ ጸለምትን፣ ሀረር ብሎ የፈለገ ሐረርን ማግኘት አለበት። ኮምፒውተሩ እነዚህን ፊደላት እንደ ተለያዩ ስለሚያያቸው ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ለፍለጋው ሲባል አንድ አድርጎ የሚያይ አሠራር መጨመር ግድ ነው። ይህን ያላደረገ ሶፍትዌር በእጃችን ያለውን ወረዳ «የለም» ይለናል።

ዝርዝሩ ግን አንድ ነገር አያሳይም፤ መጠን። በ1990 እ.ኤ.አ. በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የቤን ሽናይደርማን ቤተ ሙከራ 14 ሰዎች የሚጋሩት 80 ሜጋባይት ዲስክ ነበረው፤ ዲስኩ ሞላ። ቦታውን የበላው ማን እንደሆነ ፎልደር በፎልደር እየከፈቱ መፈለግ አድካሚ ሆነ። ሽናይደርማን ስክሪኑን በሙሉ አንድ አራት ማዕዘን አድርጎ ለሥሩ ሰጠው፤ ያንን ለልጆቹ በየመጠናቸው ከፋፈለው፤ የእያንዳንዱንም ድርሻ እንደገና ለልጆቹ። ትልቁ ፋይል ትልቁን ቦታ ስለሚይዝ ዓይን ወዲያው ያርፍበታል። ትሪማፕ የሚባለው ይህ አሳሳል ዛሬ ዲስክ በሚያጸዱ ፕሮግራሞችና በአክሲዮን ገበያ ካርታዎች ላይ ይታያል። የአንድ ወረዳ በጀት በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሥራ ዘርፉ እንዲህ ተስሎ በግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ነዋሪው ያለ አስረጂ የሚያነበው ይመስለኛል። መስመርና ክብ ያለውን የተለመደ ሥዕል የሚመርጥ ደግሞ በ1981 ኤድዋርድ ራይንጎልድና ጆን ቲልፎርድ ያወጡት ስሌት አለለት፤ ወላጁን ከልጆቹ መሃል ላይ እያደረገ፣ ተመሳሳይ ቅርንጫፎችን በተመሳሳይ ቅርጽ ይስላል።

ዛፍ የማይሆንባቸው ነገሮች አሉ፤ እነሱን በግድ ዛፍ ማድረግ አይገባም። ቤተሰብ አንዱ ነው። ልጅ አባትም እናትም አለው፤ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው በሁለቱም ወገን ይቆጥራል። የእናትን ወገን የጣለ ሶፍትዌር ለዚህ ቆጠራ አይሆንም። ደብዳቤም እንዲሁ ነው። ስለ ሠራተኛ ቅጥርም ስለ በጀትም የሚናገር ደብዳቤ በየትኛው ፎልደር ይገባል? ጂሜይል በ2004 እ.ኤ.አ. ሲመጣ ፎልደርን ትቶ አንድ መልእክት ብዙ መለያ እንዲለጠፍበት ያደረገው ለዚህ ነው። የመልቲክስ ሰዎችም ገና በ1965 ይህን አይተው ነበር፤ ፋይሉ አንድ ቤት ይኑረው፣ ከሌላ ፎልደር ግን ወደ እሱ የሚያመለክት ማያያዣ ይቀመጥ ብለዋል። ይህ መካከለኛ መንገድ ዛሬም ጥሩ ነው፤ ድምሩ የሚሄደው በአንዱ ቤት በኩል ነው፣ ፍለጋው ግን በሁሉም።

ለወረዳ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለገቢዎች፣ ለመሬት መዝገብ ሶፍትዌር የምትሠሩ ወገኖች ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። መለያ ቁጥሩ ውስጥ የክልልም የዞንም ስም አታስገቡ። ደረጃዎቹን በቋሚ ዓምድ አትሥሩ፤ የወላጁን መለያ ያዙ። ወላጅነቱን ከተጀመረበትና ካበቃበት ቀን ጋር መዝግቡ። በሥራው መጀመሪያ ላይ ይህ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ የሺህ ጤና ጣቢያዎች መዝገብ በአሮጌ ኮድ ከተሞላ በኋላ ከሆነ ግን፣ እያንዳንዱን ረድፍ በእጅ ማስታረቅ ይጠይቃል።